መቶ አንደኛው ስም

ግሩም የተቀበረ ዕለት፣ አፈሩ ገና ሳጥኑ ላይ እየወደቀ ሳለ፣ የእድሩ ስም ጠሪ ከሰዉ ኋላ ቆሞ መዝገቡን ገለጠ።

«ደምሴ ወንድይራድ!»

«አለሁ!»

«ብሩኬ ሰንበታ!»

«አለሁ!»

«ሸዋረገድ ጎበና!»

«ታማለች!»

«ትመም፤ ደብዳቤ አላስገባችም። ቀሪ!»

ወለተጻድቅ ግራና ቀኝ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ቆማ ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ባሏ ጉድጓድ ሲገባ ጆሮዋ የሰማው ይህንኑ ነው፤ የአንድ መቶ ስድሳ አራት ሰው ስም፣ በፊደል ተራ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ሁሉ ስም መሐል «አለሁ» ሊል የማይችለው ግሩም ብቻ ነበር።

አርባው እንደወጣ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደችና የጸሐፊነቱን ሥራ ስጡኝ አለች። እምቢ የሚል አልነበረም። ስድስት ኪሎ ሰነድ አያያዝ ተምራለች፤ ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆና ኖራለች፤ ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር «ፈርመው ይውሰዱ» ብላ በር ላይ ያቆመች ሴት መሆኗን ኮልፌ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ያልተጻፈ አልተደረገም» የሚል አባባል ነበራት። ግሩም በሕይወት ሳለ በዚህ አባባል ይስቅባት ነበር። «ምሳ በላሁ ወይስ አልበላሁም? እስቲ መዝገብ አይተሽ ንገሪኝ» ይላት ነበር።

ደንቡን እንደ አዲስ ጻፈችው። አንቀጾቹን ቆጠረች፣ ማኅተም አስቀረጸች፣ የተቦጫጨቀውን መዝገብ በአዲስ ገለበጠች። አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዋ አልወጣም። የግሩም ሙት ዓመት ሲቃረብ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረችው።

«ከእንግዲህ መቃብር ላይ ስም አይጠራም።»

የእድሩ ዳኛ ሚሊዮን እህል ነጋዴ ነው፤ ነገር ሲለወጥ አይወድም። «እና ማን መጣ ማን ቀረ በምን ሊታወቅ ነው? በሱባኤ?» አላት። ሰዉ ሳቀ።

«በስልክ» አለች ወለተጻድቅ፤ አልሳቀችም።

ሐሳቡ የእህቷ ልጅ የሳምሪ ነበር። ሳምሪ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ሳንሱሲ ትኖራለች፤ ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ውጭ አገር የተሠራ አንድ አገልግሎት አለ አለቻት። ሰው ካፌ ሲገባ፣ ስታዲየም ሲደርስ ስልኩን ነካ አድርጎ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ ቦታውና ሰዓቱ ይመዘገብለታል። ለእያንዳንዱ ለቅሶ ቤት አገልግሎቱ ላይ ቦታ ይከፈታል፤ የእድሩ ሰው እንደ ደረሰ ስልኩን ይጫናል፤ ማታ ሳምሪ የጻፈችው ፕሮግራም የመጡትን ሰዎች ስም ከአገልግሎቱ ጠይቆ ያመጣል። እንዲህ ያለ ስልክ የሌላቸው ሃያ ሦስት ሰዎች እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ።

«ፕሮግራሙን ከባዶ አልጽፈውም» አለች ሳምሪ። «ከአገልግሎቱ ጋር የሚነጋገር ላይብረሪ የሚባል ነገር አለ። ሌሎች ሰዎች ጽፈው አስቀምጠውታል። እኔ እሱን እልከዋለሁ፤ ሄዶ ይጠይቅልኝና መልሱን ያመጣልኛል።»

«እንደ መዝገብ ቤት ተላላኪ?»

«ልክ እንደሱ።»

«ታማኝ ነው?»

«አክስቴ ደግሞ! ስንት ሺህ ሰው የሚሠራበት ነው እኮ።»

የተሞከረው በግሩም ሙት ዓመት፣ በወለተጻድቅ ግቢ ነበር። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ስልካቸውን ተጫኑ፤ ማታ ስማቸው ከነሰዓቱ በተራ ታትሞ መጣ። ወረቀቱን መዝገቡ ላይ ለጠፈችው። ለዓመት ያህል ተጨንቆ የኖረ ትከሻዋ በዚያ ምሽት ረገብ አለ። ከዚያ ወዲያ የኮልፌ ሰው ሙታኑን በዝምታ ቀበረ።

በዚህ እድር ውስጥ ማርቆስ የሚባል በያጅ ነበር። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ ከከምባታ መጥተው ኮልፌ የቀሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ተወልዶ የብረት በርና መስኮት እየሠራ አርጅቷል። ልጅ የለውም። ያለችው አልማዜ ናት፤ ሚስቱ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በአንገቱ ነው የሚንጠለጠለው፤ ድንኳኑን የሚተክለውም እሱ ነው። ሌሊት ሰው ከሞተ ማርቆስ ጎህ ሳይቀድ ምሰሶ ተሸክሞ በሩ ላይ ይገኛል። ጥሩንባ ነፊው ተክለሃይማኖት «ማርቆስ፣ አንተ እኮ ሰውዬው ሳይሞት ነው የምትመጣው! ጠበል ጠጥቶ እንኳ አይድን!» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ግሩም የሞተ ዕለት ወለተጻድቅ በመስኮት አይታዋለች። በግንቦት ዝናብ ችንካር እየመታ ነበር። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስልኩን መጫን ከወጣቶቹ ቀድሞ የለመደው እሱ ነበር። ምሰሶውን መሬት ያስቀምጣል፣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ይጫናል፤ ከዚያ ሥራውን ይጀምራል።

በጥቅምት ወር አንድ የታወቁ መምህር ሞቱ፤ ሰዉ ጎረፈ። ማታ ዝርዝሩ ሲመጣ መጥተናል ከሚሉት አሥራ ሁለት ሰው የለበትም። ማርቆስም የለበትም። በጥር የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እናት አረፉ፤ ያኔም ሰባት ሰው ቀሪ ሆነ፤ ማርቆስም አለበት። ቀሪ የተባሉት ጮኹ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። ወለተጻድቅ በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኗ ብዙ ጩኸት ሰምታለች። «የቀረ ሰው ድምፁ ይጎላል» አለች። «እኔ አልጻፍኩትም። የመጣውን ነው የለጠፍኩት።»

በመጋቢት ሦስተኛው ትልቅ ለቅሶ ሆነ። በዚያን ቀን ስልክ ካላቸው ለቅሶ ደራሾች ሁሉ በዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማርቆስ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሳያስታውቅ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ሲገባ ጥሩንባ አይነፋም፤ ድንኳን አይወጣም፤ ወንበር አይመጣም፤ አስከሬን የሚያነሣ አይሰለፍም። በስብሰባው ላይ ሁለት ሦስት ሰው «ኧረ እኛ አይተነዋል» አለ። ወለተጻድቅ «በየትኛው ለቅሶ? በስንት ሰዓት?» ብላ ስትጠይቅ ግን እርስ በርሳቸው አልገጠሙም። ሚሊዮንም «ሕግ ሕግ ነው» አለና ወሰነ።

ደብዳቤውን በሚያዝያ ራሷ ወሰደችለት። ማርቆስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በቁሙ አነበበው፤ ከዚያ ደግሞ አነበበው።

«ጸሐፊ፣ ታዲያ ድንኳኑን ማን ተከለው? ገብርኤል?»

«ድንኳን መትከል ሌላ ነው፣ ለቅሶ መድረስ ሌላ። ጠዋት ተክሎ ወደ ሱቁ የሚመለስ ሰው አለ።»

«እኔን ነው?»

«መዝገቡ ነው የሚለው፣ አቶ ማርቆስ።»

ከደረት ኪሱ ስልኩን አወጣ። መስተዋቱ በብየዳ ፍንጣሪ ተጠባብሷል። «ይኸው። ሁሉም እዚህ አለ። ቀኑም ሰዓቱም። ይዩት።»

አላየችውም። እጇን እንኳ አልዘረጋችም። «ባለጉዳይ በኪሱ ይዞት የሚዞር ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚባለው ከመዝገብ ቤት የወጣው ነው» አለችው። ይህንን ቃል ለስንቱ ባለጉዳይ ብላዋለች፤ ሁልጊዜም ልክ ነበረች።

ማርቆስ ስልኩን መለሰ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ካንገቱ አወለቀና መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ቁልፉ ከገላው ሙቀት የተነሣ ይሞቅ ነበር።

«አልማዜ ታማለች» አለ ወደ ብረቱ ዞሮ። «ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ አይናገሩም። አሁን ከእድር ካወጣችሁኝ፣ እኔ እሷን…» አልጨረሰውም።

«ይግባኝ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ» አለችው።

ማርቆስ አልጻፈም።

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ለመስከረሙ ጉባኤ ዓመታዊ ሪፖርት ስታዘጋጅ፣ በየለቅሶው በስልክ የተመዘገበውን ሰው ብዛት በአንድ ዓምድ ጻፈች። ሰማንያ ሰባት። ዘጠና አንድ። መቶ። ስልሳ አራት። መቶ። ሰባ ስምንት። ዘጠና አምስት። መቶ። ጣቷ ቆመ። ለቅሶ ልክ መቶ ሰው ሞላ ብሎ በሩን አይዘጋም። አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ አይሆንም። ሦስቱም መቶዎች የማርቆስ «ቀሪ» የተጻፈባቸው ቀናት ነበሩ።

ሳምሪ በማግስቱ በታክሲ መጣች። ላፕቶፗን ከፍታ ጥቂት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አክስቴ፣ ላይብረሪው በአንድ ጊዜ መቶ ብቻ ነው የሚያመጣው። አንድ ገጽ። የቀረውን ካልጠየቁት ሁለተኛውን ገጽ አያመጣም።»

«ሁለተኛ ገጽ አለ ብሎ አይናገርም?»

«ይናገራል፤ ግርጌው ላይ። እኔ አላነበብኩትም።»

«መቶዎቹን በምን ይመርጣል?»

«አይመርጥም። መጨረሻ የመጣውን ከላይ አድርጎ ወደ ኋላ ይቆጥራል። መቶ ሲሞላ ያቆማል።»

ሳምሪ ከዚህ በላይ መናገር አልነበረባትም፤ ወለተጻድቅ ገብቷታል። አርፍዶ የመጣ ከላይ ይቀመጣል። ማለዳ የመጣ ከታች ይወርዳል። ከሁሉ ቀድሞ የመጣ ከገጹ ይወድቃል።

«አሁን ጠይቂው» አለች።

ሁለተኛው ገጽ መጣ። የጥቅምቱ አሥራ ሁለት ስም ነበረበት፤ የጥር ወሩ ሰባት። የመጋቢቱ አንድ፤ መቶ አንደኛው። በሦስቱም የመጨረሻው መስመር ላይ ማርቆስ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሁሉም ከንጋቱ።

መሥሪያ ቤት ሳለች አንድ ተላላኪ ነበራት። ፋይል አምጣ ሲባል ክንዱ የቻለውን ያህል ብቻ ተሸክሞ ይመጣና አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይቆማል። «ሌላ አለ?» ካላሉት ሌላ መኖሩን አይናገርም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ሌላ አለ?» ሳትለው ቀርታ አታውቅም። ለዚህኛው ተላላኪ ግን አላለችውም።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች ሳምሪ እያለቀሰች።

«አይደለም። አንቺ ስልክ ነው የምታውቂው። ሰውየውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

በዚያው ቀን ሚሊዮን የእህል መደብር ሄደች። ወረቀቶቹን ሚዛኑ ላይ ዘረጋችለት። ሚሊዮን አየና ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከመሳቢያው ደንቡን አወጣ።

«አንቀጽ አሥራ ሰባት። ‹የተሰረዘ አባል የሚመለሰው በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ዳኛውም ሆነ ጸሐፊው በግላቸው ሊመልሱት አይችሉም።› ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ጎሽ። ጉባኤው መስከረም ነው። ያኔ እናመጣዋለን።»

«ሚስቱ በጠና ታማለች፣ አቶ ሚሊዮን።»

«እግዚአብሔር ይማራት። እርስዎ ዛሬ ‹ተሳስተን ነበር› ብለው ቢነሡ ነገ ቀሪ የተባለ ሁሉ ይነሣብኛል። ለአንድ ወር ምን አስቸኮለዎት? ማርቆስ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ መሄድ ትችል ነበር፤ መንገዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልሄደችም። ያለ ውሳኔ፣ ያለ ማኅተም፣ ባዶ እጇን ምን ይዛ ትሂድ? የስህተቱን ማብራሪያ ጻፈች፤ ሦስት ጊዜም ገለበጠችው። ሰነዱ ሙሉ እስኪሆን ጠበቀች። አሥራ ሁለት ቀን አለፈ።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ንጋት ላይ በዝናቡ ውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማች። ጥሩንባ አልነበረም። ነጠላዋን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ተክለሃይማኖትን ከማርቆስ ቤት ማዶ፣ ከቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ቆሞ አገኘችው። ጥሩንባው በብብቱ ነበር።

«አልማዜ ናት?»

«እሷው ናት፣ እትዬ። ሌሊት እቤቷ አምጥቷት ነበር። እቤቴ ልሙት ብላው።»

«ታዲያ ንፋ እንጂ!»

«በየትኛው ስም ልንፋ? ስሙን እርስዎ አውጥተውት የለ?»

«እኔ እፈርምልሃለሁ።»

ተክለሃይማኖት ለቀልድ ብዙ ጊዜ የማያጣ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ጥሩንባ በፊርማ አይነፋም» አላት።

ማኅተሙ ቤቷ ነው፤ ማርቆስ የመለሰው ቁልፍ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዕቃ ቤቱን ከፈተችው። ራሷ የጻፈችውን አንቀጽ አሥራ ሰባትን ራሷ አፈረሰችው፤ ምን ያህል እንደ ዘገየች ግን ያኔውኑ ታያት። ተክለሃይማኖት ጥሩንባውን ከኮቱ ውስጥ ደብቆ ምሰሶ ተሸከመ። ብሩኬና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ሸራውን ጎተቱ። ሴቶቹ ክፈፍ ሥር ተጠጋግተው ያለቅሳሉ፤ ውኃው በትከሻቸው ይወርዳል።

ድንኳኑ ግን እምቢ አለ። ምሰሶዎቹ አሥራ አራት ናቸው፤ እኩል አይደሉም። አንዱን አቆሙት፤ ሌላው አጠረ። ሸራው ውኃ ቋጠረና ተንዶ በሰዎቹ ላይ ወረደ። ማርቆስ ከተሰረዘ ወዲህ እድሩ ውስጥ ሞት አልገባም ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ከእሱ ሌላ ይህን ድንኳን ተክሎት አያውቅም፤ አተካከሉንም የጠየቀው አልነበረም። ወለተጻድቅም አልጻፈችውም።

ማርቆስ በሩ ላይ ወጣ። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። የወደቀውን ሸራ አየ። ከዚያ ነጠላውን አጣጥፎ ለአንዲት ሴት ሰጠና ወደ ጭቃው ገባ።

«ኧረ ተው! ኧረ በማርያም!» ሴቶቹ ጮኹ። «ሐዘንተኛ ምሰሶ ይይዛል እንዴ! ያዙት!»

«ነጥብ አለው» አለ ማርቆስ ለብሩኬ፤ የሚያለቅስም የሚቆጣም አይመስልም። «ብረቱ ላይ በብየዳ ነጥብ አድርጌበታለሁ፤ ዳብሰው። ሦስት ነጥብ የመሐል ነው። ሁለት የጥግ። አንድ የበር። በል ያዝ።»

ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ለመቶ ስድሳ ቤት የተከለውን ድንኳን ለራሱ ሚስት ተከለ።

ወለተጻድቅ በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ይዛ ቀረበች። «አቶ ማርቆስ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ሦስቱንም ቀን ነበሩ። ከሁሉም ቀድመው ነበሩ። ይኸው ማስረጃው።»

ወረቀቱን አልተቀበላትም። ጭቃ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ከኪሱ ስልኩን አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠው።

«በሚያዝያ ይዩት ብዬዎት ነበር» አለ። ነጠላውን ተቀብሎ ገባ፤ ከድንኳኑ ሥር ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠ።

ወለተጻድቅ ዝናቡ ላይ ቆማ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከላይ የዛሬው ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የራሱ ቤት በር። ከዚያ በታች ዘነበወርቅ። ዘነበወርቅ። ዘነበወርቅ። ቆጠረች፤ ስልሳ ሦስት ቀን። እድሩ ከሰረዘው በኋላም በሄደ ቁጥር ሆስፒታሉ በር ላይ «እዚህ ነኝ» እያለ ተጭኗል፤ ማን እንዲያይለት እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ መጋቢት፣ ጥር፣ ጥቅምት። ገጹ አለቀ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ገጽ ጠየቀች። መጣ። ደግሞ ጠየቀች። የሰፈሩ ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ እየወጡ አለፉ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ የፈረንጁን ቀን በልቧ ወደ አገርኛው መለሰችው። ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የግሩም ቤት፣ ሙት ዓመት። ያን ማለዳ እሷ ራሷ ገና አልተነሣችም ነበር።

ከዚያ በታች ሌላ ገጽ አልነበረም።